የመጋዘኑ ሶኬት

ለንስሐ አባቴ ብዙ ነገር ነግሬያቸዋለሁ፤ ይህን ግን ሁልጊዜ እዘለዋለሁ። መዝለሉም ደከመኝ፤ ለእናንተ ልናገረው።

አምቦ ላይ እህል ነጋዴ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አምስት ነጋዴዎች ሆነን የጌዶንና የሸነንን ገበሬዎች ጭነት ከመኪና የሚያገናኝ ድረ ገጽ አቋቋምን። ድረ ገጹን የሚያሠራው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ቢሯችን ተቀመጠ። ማን ምን እንደጠየቀ የሚጽፈው መዝገብ ግን በኔትወርክ ገመድ አልፎ ከቢሮው ጀርባ ባለው መጋዘኔ፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይከማቻል። እኔ ጋ ይሁን ብዬ የለመንኩት ራሴ ነኝ፤ ባለ ኮምፒውተር ነጋዴ መባል አምሮኝ።

መጋዘኑ ያለው አንድ ሶኬት ነው። የገበያ ቀን ኮምፒውተሩን እነቅልና የጆንያ መስፊያ ማሽኑን እሰካለሁ፤ ስጨርስ እመልሰዋለሁ። መዝገብ ቢቋረጥ ማን ይሞታል?

ድረ ገጹ ግን በየገበያው ቀን ቀጥ ብሎ ይቆም ጀመር። የገበሬው ጭነት መኪና አጥቶ መንገድ ዳር ይውላል። የኮምፒውተር ባለሙያችን ጫልቱ ሳምንታት ስትፈትሽ ከርማ ስብሰባ ላይ አስረዳችን፦ ሰርቨሩ መዝገቡን የሚጽፍበት ሲያጣ፣ መዝገብ ቤቱ ካልተከፈተ አላስተናግድም እንደሚል ጸሐፊ፣ ሥራውን ሁሉ አቁሞ ይጠብቃል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ የመጋዘኑ ኮምፒውተር በየገበያው ቀን ይጠፋል። የሚያጠፋው ሰው አለ?»

ሁሉም አዩኝ። «እኔ ነኝ» ማለት ስንት ቃል ነው? እኔ ግን ፈገግ ብዬ፣ «ልጄ፣ ሥራ ሲከብድ በዕቃ ማሳበብ ደግ አይደለም። እሱን የሚነካው የለም» አልኩ።

ሰብሳቢያችን ኦቦ ቶላ እኔን አመነ። ጫልቱ በሳምንቱ ከሥራ ተሰናበተች። እኔም በሳምንቱ የሶኬት ማከፋፈያ ገዛሁ። ድረ ገጹ ዳነ። ሰዉ «እሷ ስትሄድ ተስተካከለ» ሲል፣ እኔም «አያችሁ?» አልኩ። የመጀመሪያውን ውሸት ፈርቼ ዋሸሁት እንበል፤ ይህን ሁለተኛውን ምን እለዋለሁ?

ዓምና ጊንጪ መናኸሪያ አገኘኋት። «አካም ጅርቱ ጋሼ» ብላ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ። እንደነገረችኝ፣ አምቦ ላይ ሥራ በጠየቀች ቁጥር ቀጣሪዎቹ ስለ እሷ ኦቦ ቶላን እየጠየቁ እንቢ አሏት። አሁን እዚያው ጊንጪ የስልክ መሸፈኛ ትሸጣለች። መኪናዬ ሊነሳ ሲል ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ ያኔ ጥፋቱ ምን እንደነበር ተገኘ?»

«ተይው ልጄ፣ የቆየ ነገር ነው» አልኳት።

እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ጊንጪም ሩቅ አይደለችም። በየሳምንቱ አልፍባታለሁ።