ያልቀመስሁት ኪኒን

ልጄ ዘሃራ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ቀትር ላይ «በረደኝ» አለችኝ። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ዝናቡ ቢያቆምም ከጣና ዳር ደንገሉ ውስጥ ውኃው ገና አልሸሸም። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እሳት ዳር ኩርምት ብላ ጥርሷ ሲንገጫገጭ አይቼ «ሥራ ለመሸሽ ነው» ብዬ ተቆጣኋት። ከዚያ ሰውነቷ ነደደ። ወደ ማታ በላብ ተነከረች። በማግስቱ ደኅና ሆና ስትጫወት ዋለች፤ በሦስተኛው ቀን በዚያው ሰዓት ብርዱ ተመለሰ። ብርድ፣ ትኩሳት፣ ላብ በተራ ሲመጡ ካያችሁ እንደ እኔ ከልጁ ጋር አትጨቃጨቁ፤ ወባ ነው።

ጣልያን ባሕር ዳር ከገባ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ባሌ ሰይድ በታንኳ ዓሣና እንጨት ያመላልሳል፤ እኔ ገበያ ላይ ብርዝ እሸጣለሁ። ብርዝ ሻጭ ደግሞ ዋንጫውን ለሰው ከመስጠቷ በፊት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ራሷ ትቀምሳለች። መርዝ የለበትም ማለት ነው። ሳትቀምስ ከምትሰጥ ሴት ማንም አይጠጣም። ዘሃራ ከጎኔ ተቀምጣ ይህን እያየች አደገች። ወታደሮቹ ለልጆች ከረሜላ መበተን ሲጀምሩ እኔም ጨመርሁበት፦ «ሰጪው ያልቀመሰውን እንዳትውጪ። ካስገደዱሽ ከምላስሽ ሥር ያዥው፤ ዞር ሲሉ ትፊው» አልኋት። ወንድሜ ከሰሜን ጦር ቆዳው በጣልያን የመርዝ ጋዝ ተልጦ ነው የተመለሰው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? እኔማ በገዛ ጥላዬም እደነግጥ ነበር።

ግራዋ ጨምቄ አጠጣኋት። ሼሁ ዱዓ አደረጉላት። አልተዋትም። ሰይድ «ከጣልያኑ ሐኪም ዘንድ እንውሰዳት» ቢለኝ፣ «የገደለን ሊያድነን?» ብዬ ጮኽሁበት።

«አንቺ ሴት፣ ልጅቱ እኮ እያለቀች ነው» አለኝ። እውነቱን ነበር። ወሰድናት።

ሐኪሙ ሽማግሌ ነው፤ መነጽሩ ባንድ በኩል ተሰንጥቋል። ከዘሃራ ግራ ጎን፣ ከጎድኗ በታች፣ በጣቶቹ ጫን ጫን አደረገ። እኔ የማየው ግን አስተርጓሚውን ነበር። ያገሬ ልጅ ነው፤ ቡትስ አጥልቋል። ሐኪሙ ረጅም ሲናገር እሱ አጭር ይለዋል። የቀረውን ወዴት አደረሰው? እያልሁ ዓይኔን ከአፉ አልነቅልም።

«ጣፊያዋ አብጧል። ማላሪያ ነው። ይህን ኪኒን ጧትና ማታ፣ ሰባት ቀን፣ ሳይቋረጥ» አለ አስተርጓሚው።

በወረቀት የተጠቀለለ አሥራ አራት ነጭ ኪኒን ሰጡን። ቤት ገብቼ አሸተትሁት፣ በፀሐይ አየሁት፣ ለዶሮ ልስጥና ልይ ሁሉ ብዬ ነበር። ሰይድ ቀማኝ። እንግዲህ ጧት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ከውኃ ጋር ሰጠኋት። ሳትጨቀጭቀኝ ትቀበላለች። ጎበዝ ልጅ አልሁ።

በአራተኛው ቀን አላወቀችኝም።

ዓይኗ ተከፍቷል፤ አያየኝም። «ታንኳው ሰጠመ» ትላለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ሽንቷ ጠቁሯል። «መረዟት!» አልሁ። የሰይድን ደረት በቡጢ ደበደብሁት። «አንተ ነህ የወሰድሃት! አንተ ነህ!» እሱ ያለቅስ ነበር።

ላቧን ልጠርግላት የተኛችበትን ቁርበት ጫፍ ገለጥሁ። ከሥሩ ኪኒን አለ። ረጥቦ የደረቀ፣ የጥርስ ምልክት ያለበት። ቆጠርሁት። ሰባት። ሰጠሁ ያልሁት ሁሉ።

ጥቂት ነፍሷ ሲመለስ «ለምን?» አልኋት።

«አልቀመስሽውማ» አለችኝ። «አንቺው ነሽ ያልሽኝ።»

 ያን ሁሉ ቀን ከአስተርጓሚው ስጠነቀቅ፣ ከሐኪሙ ስጠነቀቅ፣ ባሌን ሳይቀር ስጠረጥር፣ የልጄን አፍ አላየሁም።

ሰይድ ተሸክሟት ሮጥን። አሁን ደግሞ የመጠርጠሩ ተራ የሐኪሙ ሆነ። ይዘን የሄድነውን ቀሪ ኪኒን ቆጥሮ ፊቱ ጠቆረ።

«ሰባቱን ብትውጥ እንዲህ አትሆንም ነበር። ለማን ሰጠሽው? ዱር ላሉት ነው?» አለ በአስተርጓሚው አፍ። በዚያ ዘመን ይህ ጥያቄ እስር ቤት ያስገባል፤ ከዚያም ላይመለሱ ይችላሉ። የነጠላዬን ጫፍ ፈትቼ ጥርስ ያረፈበትን ሰባቱን ኪኒን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍሁለት። እንዴት እንደሆነም አንድ ሳልደብቅ ተናገርሁ። አስተርጓሚው ዓይን ዓይኔን አየኝ፤ ከዚያ ሁሉንም ተረጎመ፤ የዚያን ቀን አላሳጠረም።

ሐኪሙ አዲስ ኪኒን አንሥቶ ወደ አፏ አስጠጋ። ዘሃራ ጥርሷን ነከሰች። ከእጁ ተቀብዬ ጫፉን ቆርጥሜ አላመጥሁት። ያ ረቢ! ከዚህስ ግራዋ ማር ነው። ፊቴ ተጨማደደ፤ ልሸሽገውም አልቻልሁ።

«መራራ ነው፤ አልዋሽሽም» አልኋት። «ዋጥሁት፤ ይኸው እይ።» አፌን ከፍቼ ምላሴን አነሣሁላት። እሷም የቀረውን ዋጠችና አፏን ከፍታ ምላሷን አነሣችልኝ።

«ጆሮዋ ይጮኻል፤ የመድኃኒቱ ነው፣ አትፍሪ» አለ ሐኪሙ። «እንዲህ እያደረግሽ ስጫት።»

ከዚያ በኋላ ጧትና ማታ እኔ ቅንጣት እየቀመስሁ፣ እሷ እየዋጠች፣ ሁለታችንም ምላሳችንን እያነሣን ስንተያይ ሰይድ በሳቅ ይሞታል፤ በስድስተኛው ቀን ብርዱ በሚመጣበት ሰዓት ግን ከደጅ ቆሞ እስኪመሽ ድረስ ሲጠብቅ ዋለ፣ ሳይመጣ ቀረና ወደ ቂብላ ዞሮ ሰገደ። ማገገሙ ከሕመሙ ይረዝማል፤ ልጅ ሲድን ይነጫነጫል፣ አንቀባርሩኝ ይላል፣ ትናንት የወደደውን ሾርባ ዛሬ ይደፋል፣ እናትም እንቅልፍ አጥታ ከርማለችና በትንሹ ትጮኻለች፤ ተራ እየገባን አንዳችን ስንናደድ ሌላችን ስንይዛት ነው ያለፍነው።

ልጃችሁ ለታመመባችሁ የምለው ይህን ነው። መድኃኒቱ መራራ ከሆነ መራራ ነው በሉት። ሲውጥ አፉን እዩ፤ ሌላውን ሰው ኋላ ታዩታላችሁ። ፍርሃት ለልጅ ስታስተምሩ ደግሞ መቼ እንደሚተወው አብራችሁ አስተምሩት። ሐኪሙን አመሰግናለሁ፤ የላከውን መንግሥት ግን አላህ ያውቃል፣ አላመሰግንም።

ጣልያን ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላ ይህን ታሪክ ለጎረቤት ሳወራ ዘሃራ ልጇን ታቅፋ ትሰማኝ ነበር።

«እማዬ፣ ያኔ ሞቼ ቢሆንና ቁርበቱን ባትገልጪው፣ ማን ገደላት ትዪ ነበር?» አለችኝ።

«ጣልያኑ» አልሁ። «እስክሞት ድረስ ጣልያኑ እል ነበር። አባትሽንም ቤቴ አላስገባውም ነበር።»

 እኔ «ይቅር በይኝ» አልኋት። በእኛ አገር እናት ልጇን ይቅርታ አትጠይቅም፤ ጎረቤቶቹ ደነገጡ። ዘሃራ ግን ሕፃኗን አንሥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝና «ትኩሳት አላት፤ ያዢልኝ፣ መድኃኒቷን ላምጣ» አለችኝ።