በጥጥ ጠቅልዬ የጣልኩት ቁራጭ

እዚህ ኩዌት የመጀመሪያ ዓመት የነርስ ተማሪ ነኝ። ይህ የደረሰብኝ ትምህርት በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው የሰው ድፍረት ስለገረመኝ ብቻ ሳይሆን የእኔም እጅ ስላለበት ነው።

አክስቴ ብርሃኔ ሳልዋ በሚባል ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥራ እዚያው እያደረች ትሠራለች። ዕረፍቷ ዓርብ ከሰዓት ብቻ ነው። በግራ ውስጥ እግሯ፣ ተረከዟ አጠገብ፣ ጥቁር ነጥብ ነበራት፤ እየሰፋ፣ ጠርዙም እየተዛነፈ መጣ። ሐኪም ቤት ለመሄድ አሠሪዋን፣ ማዳሟን፣ ፈቃድ መለመን አለባት። ዓርብ ያለ ልመና የሚገኙት ፊንጣስ ሰፈር የውበት ሳሎን ያላቸው እትዬ አልማዝ ናቸው።

እትዬ አልማዝን ደንበኞቻቸው «ዶክተር» ይሏቸዋል። ማዕረጉን ያገኙት ጥፍር በመሞረድና የቆዳ ኪንታሮት በመተኮስ ነው። ነጭ ገዋን አላቸው፤ ኪሱ ላይ ስማቸውን በቀይ ክር አስጠልፈዋል።

አንድ ዓርብ አብረን ሄደን እግሯን ስታሳያቸው አክስቴ ፈራ ተባ እያለች «ካንሰር ቢሆንስ?» አለች።

«ወይ አንቺ! የቆዳ ካንሰር የነጭ በሽታ ነው። እኛን ፀሐይ ምን ታደርገናለች?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ይኸው ተማሪዋ አለች። ዋሸሁ እንዴ፣ ነርሷ?»

«ነርሷ» መባሌ ደስ አለኝ። ስለ ቆዳ ገና አንድ ገጽ አላነበብኩም። «ልክ ነዎት» አልኩ።

ላዩን በምላጭ ገፈፉና በሚተኩሱበት መርፌ አቃጠሉት። እኔ የስልኬን መብራት ያዝኩላቸው። የተገፈፈውን በጥጥ ጠቅልዬ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተትኩ፤ ጠረጴዛውንም በአልኮል ወለወልኩ። «ንጽሕና እንዲህ ነው!» ብለው አሞገሱኝ።

ከሦስት ወር በኋላ ጥቁሩ በጠባሳው ዳር ተመልሶ ወጣ፤ ይደማም ጀመር። ማዳሟ ወለሏ ላይ ደም ስታይ ያለ ልመና ሆስፒታል ላከቻት። አብሬያት ሄድኩ።

ሐኪሙ ጠባሳውን አይቶ «የመጀመሪያው ምርመራ ውጤት የታለ?» አለ።

«አልተመረመረም» አልኩ።

«የተቆረጠውስ?»

«በጥጥ ጠቅልዬ ጣልኩት።»

አልተቆጣም። እንዲህ ያለ ነጥብ ሲያጠራጥር ከተቻለ ሙሉው ከነጥልቀቱ ተነሥቶ፣ ካልሆነም ጠልቆ በሚቆርጥ ትንሽ ክብ መሣሪያ ናሙና ተወስዶ ላቦራቶሪ እንደሚላክ አስረዳን። ሕክምናው የሚወሰነው ካንሰሩ ወደ ውስጥ የገባበት ልክ ሲታወቅ ነው። ላዩ ተገፍፎ ከተጣለ ምኑ ይለካል? እንዲህ ያለው የቆዳ ካንሰር ጥቁር ሰው ላይ በአብዛኛው ውስጥ እግርና ጥፍር ሥር እንደሚወጣ፣ ፀሐይ እንደማያስፈልገውም ነገረን።

ናሙና ወሰዱ፤ ካንሰር ሆነ። የመጀመሪያው ጥልቀት ስለማይታወቅ ተረከዟ አካባቢ ሰፋ አድርገው ቆረጡ፤ ተሠራጭቶ እንደሆነ ለማየትም ከብሽሽቷ የሊምፍ ዕጢ አውጥተው መረመሩ። ዕጢው ንጹሕ ነው፣ ተመስገን። አሁን እያነከሰች ትሄዳለች፤ ገና ለብዙ ጊዜ ክትትል አለባት።

«ዶክተሯ» ይህን ሲሰሙ ምን አሉ? «እኔ ቀድሜ ባላደክመው ይጨርሳት ነበር!»

ባለፈው ዓርብ ደግሞ ደወሉልኝ። «አንዲት ደንበኛ ጀርባዋ ላይ ነጥብ አላት። መብራት ያዢልኝ እስቲ፤ አንቺ ስትኖሪ ሰው ያምነኛል።»

«ቀጠሮዋን እኔ ልያዝላት» ብዬ የደንበኛዋን ስልክ ከእሳቸው ተቀበልኩና ወደ ሐኪም እንድትሄድ ራሴ ነገርኳት። እትዬ አልማዝ ከዚያ ወዲህ አያናግሩኝም፤ አልጎዳኝም። እንቃቸዋለሁ። ግን በዚያ ነጭ ገዋን ብቻ ማንንም አያሳምኑም ነበር፤ አጠገባቸው መብራት ይዛ «ልክ ነዎት» የምትል ተማሪ ያስፈልጋቸው ነበር። እሷንም እንቃታለሁ።