የሞርፊኑ ካዝና አዲስ ቁልፍ

ደህና ቁልፍ የሚያስነቅል ሰው እስካሁን አይገባኝም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይባላል። የእኛ ብድር ጤፍ ቢሆን ኖሮ መልሰን እንገላገለው ነበር።

ያን ጊዜ በምዕራብ ሸዋ ካሉት ከተሞች በአንዷ፣ በሆስፒታል መድኃኒት ቤት ነበር የምሠራው። የቷ ከተማ እንደሆነች አልናገርም። ሞርፊንና መሰሎቹ የሚቀመጡበት ካዝና እኔ ከመቀጠሬ በፊት የነበረ፣ ቀለሙ የተላላጠ፣ ከባድ ብረት ነው። ሁለት ቁልፍ አለው። አንዱ እኔ ጋ ይውላል፣ ሌላው ተረኛ ነርሷ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ነርሶቹ ተራ ሲቀያየሩ ቁልፉን ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚቀባበሉት፤ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ነውር ነበር። ሁለታችን ካልቆምን አይከፈትም። ሌሊት ሰው ሲያቃስት ነርሷ ዘበኛውን ትልክብኛለች፤ ቤቴ ከግቢው ጀርባ ስለሆነ ነጠላዬን ደርቤ እመጣለሁ፣ እንከፍታለን፣ ነርሷ ትወጋለች፣ በሽተኛው ይተኛል። እኔ በሠራሁበት ዘመን አንድ ብልቃጥ ጠፍቶብን አያውቅም።

ሥራ አስኪያጃችን ወጣት ነው። ታናሽ ወንድሜ ይሆናል፣ አንተ እለዋለሁ፣ እሱም እህቴ ይለኛል። አንድ ቀን ከሥልጠና ሲመለስ ስልኩ ላይ ፎቶ ይዞ መጣ። ቁጥር እየተነካ የሚከፈት፣ በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ ቁልፍ ነው። ስብሰባ ጠርቶ አሳየን።

«ከእንግዲህ የሰው እጅ የማይገባበት አሠራር ነው የሚኖረን» አለ።

የሰው እጅ ያለው የእኔንና የነርሶቹን እጅ ነው። በሙሉ ስብሰባ ፊት ሌባ መባል እንዴት እንደሚያንገበግብ የደረሰበት ያውቀዋል።

ቴክኒሻኑ ከአዲስ አበባ መጣ። የድሮውን ቁልፍ ቆርጦ አውጥቶ አዲሱን ሲገጥም አጠገቡ ቆሜ ነበር። ቁልፉ ሰዓት ይሞላለታል፤ ከተሞላለት ሰዓት ውጪ ትክክለኛው ቁጥር ቢነካም አይከፈትም። ቴክኒሻኑ አጎንብሶ እንዳለ «ከስንት እስከ ስንት ሰዓት ልሙላው?» ብሎ ጠየቀ።

ሥራ አስኪያጁ «ከሁለት ተኩል እስከ አሥራ አንድ ተኩል» አለው።

«ሌሊትስ?» አልኩ። «ሕመም የሥራ ሰዓት አለው እንዴ?»

«ለሌሊት የሚያስፈልገውን ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለዋርድ ታስረክቢያለሽ። ሌሊት ካዝና መክፈት ቀርቷል፣ እህቴ። እኔና አንቺ እንጂ ቁጥሩን ሌላ ሰው አያውቅም።»

ቴክኒሻኑ የተባለውን ሞላ። በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሠራተኛው ተሰብስቦ እያየ ሥራ አስኪያጁ ቁጥሩን ነካ፤ አረንጓዴ መብራት በራ፣ በሩ ተከፈተ። ተጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም። ቴክኒሻኑም የምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሚኒባስ ይዞ ሄደ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የሕክምና ክፍል ዋርድ ውስጥ አንድ ሰው ተኝተው ነበር። ጌዶ ገበያ ከብት ሲነግዱ የኖሩ፣ ግዙፍ፣ በካንሰር አልቀው አጥንታቸው የቀረ ሰው ናቸው። ሁላችንም ኦቦ እያልን ነው የምንጠራቸው። እንደማይድኑ ሐኪሙ ነግሯቸዋል፣ እሳቸውም ተቀብለውታል። ከእኛ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሳይጮኹ መሞት። ልጆቼ ጩኸቴን እንዳይሰሙ ብለው ነው ከቤታቸው ወጥተው ሆስፒታል የገቡት። ሞርፊን ሲወጉ ከባለቤታቸው ጋር ይጫወታሉ፤ ባለቤታቸው መዝሙር በኦሮምኛ ቀስ ብለው ሲያዜሙላቸው እሳቸው በጣታቸው ምት ይመታሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚወጉት ደረሰና ሄጄ ቁጥሩን ነካሁ። ቀይ መብራት በራ። ደገምኩ። ቀይ። ሥራ አስኪያጁን ጠራሁት፤ እሱም ነካ፣ ቀይ።

«ምን ነካክተሽበት ነው?» አለኝ።

ይኸውላችሁ! ጠዋት እሱ ከፍቶ እሱ ዘጋው፣ ከሰዓት ሲበላሽ ያበላሸሁት እኔ ሆንኩ። ቴክኒሻኑ ጋ ደወልን፤ ስልኩ አይነሳም። እስከዚያ ለኦቦ ያለውን ማስታገሻ ሁሉ ሰጠናቸው፤ ለእንደዚያ ያለ ሕመም ግን ውሃ ማለት ነበር። አሥር ሰዓት ላይ ድምፃቸው እስከ ካርድ ክፍል ይሰማ ጀመር። ባለቤታቸው ወደ መድኃኒት ቤቱ መስኮት መጡና ሁለት እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«ማሎ፣ ልጄ፣ ማሎ። ትላንት ከዚህ አልነበር የምትሰጪው? ዛሬ ምን አጠፋን?»

ማሎ እባክሽ ማለት ነው፤ ግን እባክሽ በአማርኛ ያን ያህል አይከብድም። ምንም አላጠፉም፣ ሳጥኑ እምቢ ብሎ ነው አልኳቸው። ሳጥኑን አሻግረው አዩት። ሳጥን እንዴት እምቢ ይላል? እኔም አላምነውም ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ጋ ሮጥኩ። «ከመንገዱ ማዶ በያጅ አለ፤ ግራይንደሩን ይዞ ይምጣና ይቁረጠው» አልኩት።

«የመንግሥት ንብረት ነው። ማን ሊጠየቅበት?»

«ሰውዬውስ የማን ንብረት ናቸው?»

ከአምቦ እናስመጣ ስለው ይህ መድኃኒት ያለ ደብዳቤና ያለ ማኅተም እንደማይወጣ ነገረኝ፤ እሱስ እውነቱን ነው። ደብዳቤውን ጽፎ እስኪፈርም ግን መሸ። አምቡላንሱ ምጥ የያዛት ሴት ይዞ ወጥቷል። «ሌላው መኪና ጠዋት ይሄዳል» አለና ቦርሳውን አንስቶ ወደ ቤቱ ሄደ። እኔ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ድረስ ያንን ቁጥር ስነካ ቆየሁ። ያው ቀይ ነው። በመጨረሻ ነርሷ «ሌሊት እንደማይከፈት ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ተናግረዋል፣ ሂጂ ዕረፊ» አለችኝና ሄድኩ።

ኦቦ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ዐረፉ። ጠዋት ስገባ ነርሷ ዓይኗ አብጦ ጠበቀችኝ። እስከ መጨረሻው ጮኸዋል። ትንሹ ልጃቸው ማታ ሊጠይቃቸው መጥቶ ስለነበር ኮሪደር ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ሰምቷል።

መድኃኒት ቤት ገባሁና ያንኑ ቁጥር ነካሁ። አረንጓዴ በራ፣ በሩ ተከፈተ። ብልቃጦቹ እንዳሉ ተደርድረዋል። ሥራ አስኪያጁ ከኋላዬ ደርሶ «አየሽ፣ ይሠራል!» አለ። ደስ ብሎት ነው እንዲህ ያለው። በሕይወቴ ሰው ለመምታት እጄ የተነሣው ያን ቀን ብቻ ነው፤ ነርሷ ያዘችኝ።

ቴክኒሻኑ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተመልሶ መጣ። ካዝናው እንደገና ተዘግቶ ቀይ ያበራል። ቁልፉ ላይ ያለችውን ትንሽ መስታወት ነካክቶ የተሞላውን ሰዓት አወጣ፤ ከ2:30 እስከ 11:30 ይላል። ሥራ አስኪያጁ «ልክ ነው፣ እኔ ያልኩት ነው» አለ። ቴክኒሻኑ ግን ታችኛዋን መስመር ያያል። የቁልፉ የራሱ ሰዓት 15:10 ይላል። የእኔ የእጅ ሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ነው።

ቁልፉ ከፋብሪካው በፈረንጅ ሰዓት ነው የመጣው። የእኛ ሰው በሐበሻ ሰዓት ተናገረ፣ የእኛው ሰው የሰማውን እንደሰማው ሞላ፤ ሁለቱም የአንድ አገር ሰው ስለሆኑ የትኛው ሰዓት ነው ብሎ የጠየቀ የለም። ካዝናው የሚዘጋው ከረፋዱ አምስት ተኩል ነው። የሚከፈተው ደግሞ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል።

ስምንት ተኩል! ኦቦ ያረፉት አሥራ አንድ ሰዓት ነው። በዚያ መካከል ያለው ጊዜ ሁሉ አንድ ሰው ቁጥሩን ቢነካ ይከፈት ነበር። ነርሷ እዚያው ተረኛ ነበረች፤ ቁጥሩን እንዳታውቅ ተደርጋለች። ቁጥሩን የምናውቀው ሁለታችን ቤታችን ተኝተናል። ሌሊት አይከፈትም ተብሏላ! የድሮው ቁልፍ ቢሆን ኖሮ ዘበኛው በሬን ያንኳኳ ነበር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ ኮሚቴ ተቋቋመ። ችግሩ «የተጠቃሚ የክህሎት ክፍተት» ነው ተባለ። ተጠቃሚዋ እኔ ነኝ። ነገሩ ከግቢ እንዳይወጣም ታዘዝን። ሰዓቱ ተስተካከለ፣ ቁልፉ እዚያው ቀረ፣ ሌሊት ካዝና መክፈት አሁንም ክልክል ሆነ።

የኦቦ ባለቤት ከተዝካሩ በኋላ የሞት ማስረጃ ሊወስዱ መጡ። ጉዳያቸውን ጨርሰው ወደ መስኮቴ ጎራ አሉ። እንደ ለፋሁላቸው ቆጥረው ሊያመሰግኑኝ ነው የመጡት፤ «ገለቶሚ፣ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ካዝናውን አዩና «ያ ሳጥን ታዲያ ተከፈተ?» ብለው ጠየቁኝ።

አትናገሪ ተብያለሁ። ነገርኳቸው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ቢነካ ይከፈት እንደነበር፣ ሰው እንዳይነካው ግን እንደታዘዘ፣ አንድም ሳልሸፍን ነገርኳቸው።

«ማነው እንዳይነካ ያለው?» አሉኝ።

ከመድኃኒት ቤቱ ወጥቼ እጃቸውን ይዤ ኮሪደሩን አቋረጥን። የሥራ አስኪያጁን በር ሳላንኳኳ ከፈትኩት። ቀና ብሎ አየን። ወንበር ስቤ እሳቸውን ፊት ለፊቱ አስቀመጥኳቸውና «የኦቦ ባለቤት ናቸው። ንገራቸው» አልኩት።