ከጎባ ሮቤ የተሳፈረው የጭን አጥንት

ትናንት ሐኪሙ የዳሌዬን ራጅ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ «አይዞዎት፣ እርጅና ነው» ሲለኝ ላብ አጠመቀኝ። እርጅናውን ፈርቼ አይደለም... አጥንቱን ሳየው አንድ ኬላ ትዝ ብሎኝ ነው።

በደርግ ጊዜ ጎባ ውስጥ የጤና ረዳት ሠልጣኝ ነበርኩ። ሰኞ የቃል ፈተና አለብን፤ ርዕሱ የዳሌ መገጣጠሚያና የጭን ጡንቻዎች። መምህራችን ከማስተማሪያ ሳጥኑ አንድ የጭን አጥንትና ግማሽ የዳሌ አጥንት አዋሰኝ። ወረቀት አልሰጠኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በጋዜጣ ጠቅልዬ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቤተሰቦቼ፣ ወደ ሮቤ ተሳፈርኩ።

መንገድ ላይ አብዮት ጠባቂዎች አውቶቡሱን አስቆሙት። አንደኛው ቦርሳዬን ከፈተ፣ ጋዜጣውን ገለጠ... አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ጓድ! የሰው አጥንት ነው!»

አለቃቸው ግራ እግሩን እየጎተተ ገባ። ከአጥንቱ ይልቅ ዓይኑ ያረፈው ደብተሬ ላይ ነው። የጡንቻዎቹን ስም በፈረንጅ አፍ ጽፌ፣ ከየት ተነሥተው የት እንደሚያርፉ በቀስት አያይዤ ነበር።

«ሳርቶሪየስ ማነው?»

«ጡንቻ ነው፣ ጓድ። ከዳሌ ተነሥቶ ጉልበት ሥር የሚያርፍ...»

«መቼ ነው የሚነሣው?»

«አይ፣ ማለቴ...»

«እነዚህስ አራቱ?»

«ከፊት ያሉት ናቸው። ጉልበት የሚዘረጉ...»

«ከፊት ያሉት» ብሎ ወደ ባልደረባው ዞረ። «ስማቸውን ጻፍ። ይሄንን አውርደው።»

በዚያ ዘመን ከመኪና የወረደ ሰው የት እንደደረሰ ማንም አይጠይቅም። ተሳፋሪው ሁሉ ፊቱን ወደ መስኮት አዙሯል።

ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ ተነሡ።

«ኢልማ ኮ... ልጄ፣ ቆይ እስቲ» አሉት አለቃውን። «እኔ የጎሮው ወጌሻ ነኝ። ወዲህ በለው።»

ቢስሚላሂ ብለው አጥንቶቹን ተቀበሉ። የጭኑን አጥንት ክብ ራስ ዳሌው ላይ ካለው ጎድጓዳ ውስጥ ገጥመው አዞሩት። ልክክ ብሎ ዞረ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር... እርጅና መሰለኝ።

«ይህ ልጅ የሚማረው የእኔን ሥራ ነው። አንተስ፣ ስትራመድ እዚህ ጋ አይደል የሚወጋህ?» ብለው ብሽሽቱን በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት።

«ዋይ!» ብሎ ዘለለ። አንዲት ሴት ሳቋን በሻርፗ አፈነች።

«ጎሮ ብቅ በል፣ አይልሃለሁ።»

አለቃው ደብተሬን ጭኔ ላይ ወረወረው። «ንዳው!» አለው ሾፌሩን።

ሮቤ ስንወርድ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ሳቡኝ።

«የጭኑ አጥንት መሃል ላይ ያለውን እብጠት አይተኸዋል?»

«አዎ፣ አባቴ።» የሰው ሁሉ ጭን ላይ ያለ መስሎኝ ደብተሬም ላይ ሥዬው ነበር።

«ስብራት የዳነበት ነው። ከፈረስ ወድቆ፣ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ሦስት ወር ተኛ ብለው በሁለተኛው ተነሥቶ አጨዳ ገባ። አጥንቱ ጎብጦ ገጠመ። ዋላሂ፣ የእጄን ሥራ አልስትም።»

«ሰውየው... አሁን የት ነው?»

«ከቤቱ ከወሰዱት ሁለት ዓመቱ። ሚስቱ ታስሯል ብላ በየሳምንቱ ስንቅ ታደርሳለች። ጠባቂዎቹም ይቀበሏታል።»

እጃቸው ለምን እንደተንቀጠቀጠ ያኔ ገባኝ። ኬላው ላይ ለምን እንዳልተናገሩ አልጠየቅኳቸውም።

ሰኞ አጥንቶቹን መለስኩ፤ ለማንም ምንም አልተነፈስኩም። እሑድ ዕለት ግን ከሥዕሌ ላይ እብጠቱን አጥፍቼው ነበር። መምህሩ ደብተሬን አይቶ «ጎበዝ፣ ልክ እንደ መጽሐፉ!» አለኝ።

በኋላ ሕክምናውን ትቼ ሠላሳ ዓመት ጋዜጣ ላይ ሠራሁ። የመጀመሪያውን ሳንሱር የሠራሁት ግን ያን እሑድ ነው... በላጲስ።