ለሐያት ትምህርት የወጣነው ደቦ

«እናንተ ትምህርት ቤት ግቡ፣ ልጄን መልሱልኝ!» አሉን ዛሬ አባ ነጋ። የለቀምነውን ቡና ገልበጥ ሲያደርጉት ግማሹ አረንጓዴ ነው!

ልጃቸው ሐያት ጅማ አክስቷ ቤት ሆና አስራ ሁለተኛ ክፍል ትማራለች። ከትምህርት ቤት መልስ ቦሳ አዲስ ቀበሌ ባለው የሰፈራችን የተማሪዎች ማጥኛ ማዕከል ታጠናለች። ቡናው ሲቀላ አባቷ ከሊሙ ገነት ደውለው «ለቃሚ የለኝም፣ ትምጣ» አሉ። አምና እንዲሁ ለለቀማ የሄደች ልጅ በዚያው ቀርታብናለች።

ስለዚህ ማዕከሉን የምናግዝ እናቶች ስምንት ሆነን በሐያት ፋንታ ደቦ ወጣን።

እኔ ጅማ ሄርማታ ገበያ ቡና ስሸጥ ነው ያረጀሁት፤ ዛፍ ላይ ሲሆን ግን አላውቀውም ለካ።

«ቀዩን ብቻ፣ አዴ ዘይነባ!» እያሉ አባ ነጋ ቀኑን ሙሉ ከኋላዬ አልጠፉም። ከሰዓት ግን እጃችን ለመደ፣ ቅርጫቱም ቀላ።

አባ ነጋ ቅርጫቱን አገላብጠው አዩ። ከዚያ «በቃ፣ ሐያት ትማር። እናንተ ግን ቅዳሜም አትቀሩም» አሉ።

«ኢንሻአላህ!» አልን፣ ወገባችንን ይዘን።

ማዕከል ስንደርስ ሐያት ደብተሯን ሳትዘጋ ተነስታ አቀፈችኝ። «በይ ተቀመጪ፣ አጥኚ» አልኳት። ቅዳሜም እንሄዳለን!

እናንተስ፣ ልጅ ከትምህርት እንዳይቀር ሰፈራችሁ ምን አድርጎ ያውቃል? እስቲ አጫውቱኝ።