ለእንግዳ የሰጠነው ውሃ

ሲቀላ ገበያ መግቢያ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ የቦርዴ እንስራዬን ሰበሩብኝ። ከመስበራቸው በፊት አንድም ሰው «ውሃውን ከየት ቀዳሽው?» ብሎ አልጠየቀኝም። እንዲጻፍልኝ የምፈልገው በደል ይኸው ነው። እንስራ ይሰበራል፣ በሌላ ይተካል። ሳይጠየቁ መፈረድ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የልጅ ልጆቼም ይህን ጠባዬን ስለሚያውቁ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ሲሰበር፣ ገና አፌን ሳልከፍት «እማማ፣ መጀመሪያ ጠይቂን!» ይሉኛል። እጠይቃቸዋለሁም።

ነገሩን የቀሰቀሱብኝ ባለፈው ሳምንት የመጡ ሁለት ወጣቶች ናቸው። ጓንት አጥልቀው፣ ከቤታችን ጀርባ በሚያልፈው የፍሳሽ ቦይ ውስጥ ጠርሙስ በገመድ ያወርዳሉ። የሰፈሩ ሰው ከቧቸው ይስቃል። «ከሽንት ቤት ውስጥ ምን ጠፋባችሁ?» አላቸው አንዱ። ልጅቷ አልተቆጣችም። «ቫይረስ» አለችው። ከሰው ሆድ የወጣ ቫይረስ እዚህ ይወርዳል፤ ፍሳሹን አዘውትረን ካየን በሽታው ሰውን አልጋ ላይ ሳይጥል እንደርስበታለን ብላ አስረዳች። ሰዉ ይበልጥ ሳቀ። እኔ ግን ወንበር አወጣሁላቸው። ጠርሙስ ይዞ የመጣ ሰው በአንድ ሰፈር ላይ ምን ሊያመጣ እንደሚችል አይቻለሁና።

ያን ጊዜ እኔ፣ ባሎቴ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ከኦቾሎ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ካለው ከእናቴ ቤት ወርጄ፣ ሲቀላ ታችኛው ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይቼ ቦርዴ እሸጥ ነበር። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። አማርኛውን የተማርኩት ገበያ ላይ ስለሆነ ስናደድ ወንድና ሴት ይምታታብኛል፤ ወንዱን «አንቺ»፣ ሴቷን «አንተ» እላለሁ። ተሸካሚዎቹ ይህን ለመስማት ብለው ሆን ብለው ያናድዱኝ ነበር።

ቦርዴ የማያውቅ ሰው መጠጥ ብቻ ይመስለዋል። ለእኛ ምግብ ነው። የበቆሎ ዱቄቱን አብስዬ ከብቅል ጋር አዋህጄ አሳድረዋለሁ። ጠዋት አጠልለውና ከቦኖ፣ ከሰፈሩ የጋራ ቧንቧ፣ በቀዳሁት ውሃ አቀጥነዋለሁ። ወፈር ያለ፣ ኮምጠጥ የሚል፣ ከንፈር ላይ ነጭ መስመር የሚተው ነው። ሸማኔውም ሙዝ ጫኙም አንድ ቅል ጠጥቶ እስከ ቀትር ሆዱን ሳያስብ ይውላል። እኔም ቦርዴ መጥመቅ እችልበት ነበር፤ እንዲህ ብዬ ስጽፍ አላፍርም።

ከደንበኞቼ ሁሉ የምወዳት ጽጌ ነበረች። የእትዬ ወርቄ ልጅ፣ እኩያዬና ጓደኛዬ ናት። የመጀመሪያ ልጇን ፀንሳ ምግብ ሁሉ ሸትቷት፣ ጠዋት ጠዋት የእኔን ቦርዴ ብቻ ትቀምስ ነበር። «ልጁ ሲወለድ ቅል ይዞ ነው የሚወጣው» እያልኩ አስቃት ነበር።

ጊዜው ከፋሲካ በኋላ ነው። ዝናቡ ወርዷል፤ ማንጎው ደርሶ መንገዱ በልጣጩ ያዳልጣል፤ አባያ ሐይቅ ከደጋ የወረደውን አፈር ጠጥቶ ከወትሮው ይልቅ ቀልቷል። በዚያ ሰሞን ሰፈራችን ውስጥ የሰው ዓይን ቢጫ መሆን ጀመረ። መጀመሪያ አንድ ሸማኔ፣ ከዚያ ሚስቱ፣ ከዚያ ሦስት አራት ቤት። የወፍ በሽታ ተባለ። የሌሊት ወፍ በላዩ የበረረችበት ሰው ይይዘዋል ስለሚባል ሰው ሲመሽ ሰማይ ሰማዩን እያየ፣ አናቱን በነጠላ ሸፍኖ ይገባ ጀመር። ቀጥሎ ጽጌ ታመመች። ዓይኗ እርድ መሰለ። ሐኪም ቤት ቢወስዷት «ለነፍሰ ጡር ይህ ክፉ ነው፤ ተጠንቀቁላት» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ ወፏ ተረሳች፤ ጥፋተኛ ሰው ይፈለግ ጀመር።

በእኛ በጋሞዎች ዘንድ ጎሜ የሚባል ነገር አለ። የማይደረገውን ያደረገ ሰው፣ ነውር የሠራ ሰው የሚያመጣው መዘዝ ነው። ያ ሰው ወጥቶ እስኪናዘዝ ድረስ በሽታው ከሰፈር አይለቅም። ሽማግሌው ጋሽ ኦርካይዶም ሾላው ሥር ሰብስበውን «ጎሜ ያለበት ይናገር» አሉ። ማንም አልተናገረም።

በመሐሉ የጤና ሳኒታሪያኑ አቶ ተፈራ ጠርሙሶቻቸውን በሣጥን ይዘው ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ በሞተር ሳይክል ወረዱ። ገና ወጣት ናቸው፤ ፂማቸው እንኳ በደንብ አልበቀለም። ያን ቀን ቦኖው ደርቋል። ውሃው አንድ ቀን መጥቶ ብዙ ቀን የሚጠፋበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ «ከቦኖው ቀድታችሁ ያጠራቀማችሁትን ከየቤታችሁ ስጡኝ» አሉን።

አሁን ያለውን ሰው ስነግረው አያምነኝም። እኛ ሴቶቹ ተያየን። እንስራችን ሥር የቀረው ውሃ ደፍርሷል። ከሩቅ ለመጣ እንግዳ እሱ እንዴት ይሰጣል? እኔ ቤት ደግሞ ጋሪ ነጂው ከከተማው ሥር ባለው ጫካ ከሚፈልቁት ምንጮች፣ ከዓይናቸው ላይ ቀድቶ ያመጣልኝ አንድ ጄሪካን ጥሩ ውሃ ነበር። መስተዋት የመሰለ።

«ለእኔም ትንሽ ስጪኝ፣ ባሎቴ!»

«ለእኔም! አታዋርጂኝ!»

ሁሉም በየብርጭቆው ቀድቶ ወጣ። አቶ ተፈራ በር በር እየዞሩ በየጠርሙሱ ተቀበሉ። እኔማ ጠርሙሳቸው አቧራ የነካው መስሎኝ ላለቅልቅላቸው ስል «ኧረ እህቴ፣ አይነካም!» ብለው ጮኹብኝ። «የቦኖው ነው አይደል?» ሲሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» አልን። ክብር መሰለን እንጂ ውሸት አልመሰለንም።

ከቀናት በኋላ ውጤቱ ለሰፈሩ ተነበበ። ውሃው ንጹህ ነው ተባለ። አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ።

ውሃው ንጹህ ከሆነ ታዲያ ምን ቀረ? ጽጌ ከእኔ ቦርዴ በቀር ምንም አትቀምስም ነበር። በቀጣዩ ቅዳሜ ጠዋት ገበያው ሞልቶ ሳለ እትዬ ወርቄ መጡ። ነጠላቸው ወገባቸው ላይ ታስሯል።

«አንቺ የደጋ ጠንቋይ! ልጄን ምን አጠጣሻት?»

«ምን አደረግኩ፣ እትዬ?»

«ዓይኗን ሄደሽ እዪው!»

እንስራዬን በእግራቸው ገፉት። ድንጋይ ላይ ወድቆ ሦስት ቦታ ተሰነጠቀና ቦርዴው በማንጎ ልጣጩ ላይ ፈሰሰ። ሲጠጡልኝ የኖሩት ሰዎች እግራቸው እንዳይነካው ወደ ኋላ ሸሹ። እሱ ነው የጎዳኝ። በማግስቱ ጋሽ ኦርካይዶ «ጎሜሽን እስክትናዘዢ ድረስ አትሽጪ» አሉኝ። «የለብኝም» አልኳቸው። «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አሉኝ።

ሁለት ቅዳሜ ቤቴ ተቀመጥኩ። ወደ እናቴ ልመለስ አስቤ ነበር። ብሄድ ግን ጥፋተኛ ነበረች፣ ሸሸች ይባላል፤ ስለዚህ ቀረሁ። አንድ ቀን እትዬ ወርቄ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጠብቄ ጽጌ ዘንድ ገባሁ። ከስታለች፤ ሆዷ ብቻ ቀርቷል። ከቦኖ የተቀዳ ውሃ አቀረብኩላት። አፍንጫዋን ያዘች።

«ይሄ ይሸተኛል። ያን ለሰውዬው የሰጣችሁትን አትሰጪኝም?»

ብርጭቆውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ለሰውዬው የሰጠነውን! አቶ ተፈራ የመረመሩት የማንን ውሃ ኖሯል? የእኔን ጄሪካን። የየቤቱ ጠርሙስ ሁሉ የእኔ ጄሪካን ነበር። ቦኖውን ነጻ ያወጣሁትና ቦርዴዬ ላይ ያስፈረድኩት እኔው ራሴ ነኝ።

ያን የሴቻን ዳገት በቀትር ፀሐይ ወጣሁት። ጦጣዎቹ እንኳ ጥላ ፍለጋ ሸሽተዋል። አቶ ተፈራን ቢሯቸው በር ላይ አገኘኋቸው። ላብ በላብ ሆኜ፣ ተናድጄ፣ እንዲህ ነበር ያልኳቸው፦

«አንቺ ነሽ ያጠፋሽው! ለምን ራስሽ አልቀዳሽም?»

ጸሐፊዋ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወጣች። እሳቸው አልሳቁም። ነገሩን ከመጀመሪያው ስነግራቸው ቁጭ አሉና ጭንቅላታቸውን ያዙ።

«የሁሉም ቤት ውሃ ካንቺ ጄሪካን ነበር?»

«የሁሉም ቤት።»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አሉ። «ቦኖው እስኪመጣ መጠበቅ ነበረብኝ። ግን አሁን ንጹህ ነው ተብሎ ተነቧል። በሰው ፊት ትናገሪያለሽ?»

በሚቀጥለው እሑድ ሾላው ሥር ሰው ሲሰበሰብ ተነሣሁ። በዚያ ጊዜ ወጣት ሴት በሽማግሌ ፊት ቆማ አትናገርም ነበር።

«ጎሜ አለብኝ» አልኩ።

«ይኸው! አላልኳችሁም?» አሉ እትዬ ወርቄ።

«ለእንግዳ ጥሩ ውሃ ሰጠሁ።»

ወንዶቹ ሳቁ። ሴቶቹ ግን አልሳቁም፤ መሬት መሬት አዩ። ጎረቤቴ ተነሥታ «እኔም ከባሎቴ ወስጄ ነው የሰጠሁት» አለች። «እኔም።» «እኔም።» በመጨረሻ ሁሉም ዞሮ እትዬ ወርቄን አየ። ነጠላቸውን እያስተካከሉ ቆዩና «አንድ ብርጭቆ» አሉ። «አንድ ብርጭቆ ብቻ።»

ጋሽ ኦርካይዶ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። «በሉ እንግዲህ፣ አሁን እንግዳው ራሱ ይቅዳ» አሉ።

አቶ ተፈራ ውሃው በመጣበት ማለዳ ጎሕ ሲቀድ ተገኙ። ከመቅዳታቸው በፊት የቦኖውን አፍ በእሳት ለበለቡት፤ ሰዉ «ደግሞ ቦኖውን ሊጠብሱት ነው» እያለ ይቀልዳል። የእጅ ጀርም እንዳይቀላቀል ነው። የዚህኛው ውጤት ሌላ ሆነ፤ ቦኖው ውስጥ የሽንት ቤት ተሕዋስ ተገኘ። ቧንቧውን ተከትለን ወደ ላይ ስንሄድ ቦዩን የሚያቋርጥበት ቦታ ላይ ተሰንጥቋል። ዝናቡ ሲመጣ የሽንት ቤታችን ሁሉ ትርፍ የሚወርደው በዚያ ቦይ ነው። «ውሃው ሲመጣ በስንጥቁ ይተፋል፤ ሲሄድ ደግሞ የቦዩን ይጠባል» አሉን አቶ ተፈራ። ከጠጡት በኋላ እስከሚያማቸው ሳምንታት ስለሚያልፉም ማንም ቦኖውን አልጠረጠረም፤ ሰው የሚያስታውሰው የትናንቱን ነውና።

ጋሽ ኦርካይዶ ቦዩን ረጅም ጊዜ አዩት። «እንግዲያስ ጎሜው የሁላችን ነው» አሉ።

ቧንቧው ተጠገነ። ሽንት ቤቶቹን ከቦዩ አራቅን፤ ውሃ አፍልቶ መጠጣት ልማድ ሆነ። እኔም ከዚያ ወዲህ ቦርዴዬን አፍልቼ ባቀዘቀዝኩት ውሃ እንጂ በሌላ አላቀጠንኩም። ጽጌ ቀስ በቀስ ዳነች፤ በመስከረም ሴት ልጅ ወለደች፣ ያለ ቅል። እትዬ ወርቄ አንድ ጠዋት አዲስ እንስራ በጀርባቸው ተሸክመው መጡና ደጄ ላይ አስቀመጡት። ይቅርታ የሚለው ቃል ካፋቸው አልወጣም። «ይሄኛው ይሻላል፤ ያኛው አንገቱ ጠማማ ነበር» አሉኝ። ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ። የመጀመሪያውን ቅል እዚያው ቆመው ጠጡ፣ ሰው እያያቸው። እንዲያ ማድረጋቸው ገብቶኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን ቀረኝ። ያኔ አቶ ተፈራን «የእኔ ቦርዴስ? ጽጌን ያሳመማት እሱ ነው አይደለም?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ቅን ሰው ነበሩ፤ «አላውቅም» አሉኝ። «የሽንት ቤት ተሕዋስ መኖሩን እናያለን፤ ያ ካለ ቫይረሱም መንገድ አግኝቷል ማለት ነው። ቫይረሱን ራሱን የሚያይ መሣሪያ ግን የለንም።» ሰፈሩ ነጻ ነሽ ብሎኛል፤ ጽጌም ስጠይቃት «ተይው በቃ» ትለኛለች። እኔ ግን ነጻ ነሽ መባል አልነበረም የምፈልገው። የድርሻዬን ማወቅ ነበር የምፈልገው፤ ሳይጨመር፣ ሳይቀነስ። ሌሎችን «ሳትጠይቁ ፈረዳችሁ» ብዬ እየወቀስኩ፣ ራሴን ሳልጠይቅ ነጻ ላወጣ አልችልም።

ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ልጅቷ ጓንቷን አውልቃ እጇን ታጥባ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ሁሉንም ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ በሕይወቴ ማንም አስቀድሞ ያልጠየቀኝን።

«ያቀጠኑበት ውሃ የፈላ ነበር?»

«ጥሬውን ነው። ከቦኖው።»

«እንዳይከፋኝ ብለሽ እንዳትሸፍኚልኝ» አልኳት። «እንደሆነው ንገሪኝ።»

«እማማ፣» አለችኝ፣ «ያንን ውሃ ሰዉም ጠጥቶታል፣ ቦርዴዎም ጠጥቶታል። ቫይረሱ በእሱም በኩል አልፎ ይሆናል።»