ለእንግዳ የቀዘቀዘ ፍል ውሃ

እቴነሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ቦዩን በድንጋይ ትደፍናለች። ቀዝቃዛ የምንጭ ውሃ በቦዩ ወርዶ ፍል ውሃው ውስጥ ይገባል። ትናንት ይህ ቦይ አልነበረም።

"ማን ነው የቆፈረው?"

"እኛ ነና" አሉ የፍል ውሃው ጠባቂ አባ ይሻው። "እንግዳ ይመጣል ተባልን። ገብቶ ቢቃጠልስ?"

"የመጡት ሊታጠቡ ነው እንዴ? የውሃውን ሙቀት ሊለኩ ነው!"

ሰፈሩ ከሐሙሲት ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። የተከበረ ሰው ሲመጣ ፍል ውሃውን ቀድሞ ማብረድ ልማድ ነው። ለጳጳሱም ለወረዳው አስተዳዳሪም ተደርጓል። ዛሬም ማንም ማንንም አልጠየቀም።

ከአዲስ አበባ የመጡት ባለሙያዎች ለክተው ጨርሰዋል። ዕቃቸውን መኪና ላይ እየጫኑ ነው።

"አርባ አንድ ዲግሪ" አለ ሲሳይ የሚባለው።

"ውሸት! እንቁላል የምንቀቅልበት ውሃ ነው።"

"እህቴ፣ እኔ መሣሪያው ያለውን ነው የምጽፈው።"

"መሣሪያው ዓይን የለውም። አንተስ? ይሄን አዲስ የተቆፈረ አፈር አላየህም?"

ሲሳይ ቦዩን አየ። ወደ ጭነቱ ተመለሰ።

እቴነሽ ሰባት ዓመት ሪያድ የሰው ቤት ሠርታ ወፍጮ ገዝታለች። ወፍጮው በናፍጣ ነው የሚሠራው፤ ናፍጣ ደግሞ ከተገኘ በአህያ ነው የሚመጣው። ከመስከረም ወዲህ የፈጨው አሥራ አንድ ቀን ብቻ ነው። ጠዋት በቀበሌው ስብሰባ ላይ ሲሳይ ራሱ ነበር ያስረዳው፦ ፍል ውሃው ይበልጥ በሚግልበት ቦታ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ከመሬት በታች ያለው እንፋሎት ወጥቶ ተርባይን የሚባለውን መዘውር ያዞራል፣ መብራት ይሆናል። ዝናብ አይጠብቅም፤ ናፍጣ አይፈልግም። የመብራት መስመሩም መጀመሪያ የሚገባው ለጉድጓዱ አቅራቢያ ላለ ሰፈር ነው።

"ውሃው እስኪግል እደሩ። በግ አርዳለሁ" አለች እቴነሽ።

"አንችልም። ዛሬ ነፋስ መውጫ መድረስ አለብን።"

የቀበሌው ሊቀመንበር ካሳሁን ሳቀ። "አይ እቴነሽ! የሪያድ መብራት አላስተኛ አለሽ?"

"እናትህ እህል ተሸክማ ሐሙሲት ወፍጮ ቤት ስትወርድ እንዲህ ትስቃለህ?"



"ልጄ፣ ለክብር ብለን እኮ ነው" አሉ አባ ይሻው።

"አባ፣ ክብሩ እህል ይፈጫል? ፈጭተው ያሳዩኝ!"

ወደ ሲሳይ ዞረች። "ቀዝቃዛ ውሃ ተቀላቅሎበታል ብለህ ጻፍ።"

"ቅጹ ላይ ለእሱ የሚሆን ቦታ የለም።"

ብዕሩን ከእጁ ነጠቀችው። ቅጹን መኪናው ላይ አስደግፋ በኅዳጉ ራሷ ጻፈች፤ ስሟንም አኖረች። ካሳሁን ሊከለክላት እጁን ዘረጋ፤ ክርኗን አቀመሰችው።

መኪናው ሄደ። እሷ እስኪመሽ ቦዩን ስትደፍን ዋለች። የረዳት የለም። በማግስቱ ውሃው እንፋሎቱን እየተፋ ነበር።

ቁፋሮው በጥር ተጀመረ፤ ሌላ ዞን ውስጥ።